ከካሮት እስከ ሽንት ምርመራ፦ የፈሳሽ ክሪስታል ጠብታ ታሪክ

የኔፍሮቲክ ሲንድሮም ሕመምተኛ ሽንት በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ በስብ ጠብታዎች ላይ «የማልታ መስቀል» የተሰኘው ባለ አራት ክንድ ምልክት ሊታይ ይችላል። ይህ ምልክት ትርጉሙን ያገኘው በሕክምና ብቻ ሳይሆን በዕፅዋትና በፊዚክስ ጥናትም ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 ጀርመናዊው ፓቶሎጂስት ሩዶልፍ ፊርኮ «ማየሊን» ስላለው ቅባታማ ነገር ጻፈ፤ ስም ሰጠው እንጂ ባሕርዩን ለማስረዳት ዘመኑ አልፈቀደለትም። በ1888 ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ፕራግ ውስጥ ከካሮት ካገኘው ኮሌስትሮል የተሠራውን ኮሌስተሪል ቤንዞኤት ሲያሞቅ እንግዳ ነገር ገጠመው። ቁሱ በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ደብዛዛ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ፍጹም ጠራ። ራይኒትዘር ናሙናውን ለፊዚክስ ሊቁ ለኦቶ ሌማን ላከ። ሌማንም ማሞቂያ በተገጠመለት ማይክሮስኮፑ ተመልክቶ፣ ደብዛዛው ፈሳሽ እየፈሰሰም ብርሃንን እንደ ክሪስታል ለሁለት እንደሚከፍል አረጋገጠ። ጉስታፍ ታማን ግን ነገሩ ያልጠራ ድብልቅ ነው በማለት ለዓመታት ተከራከረ። ሌማን በበኩሉ በ1907 ክሪስታሎቹን «ሕያው መሳይ» እስከ ማለት ደረሰ፤ ድምዳሜው ከማስረጃው እጅግ የራቀ ነበር፣ ምልከታው ግን ጸንቷል። በ1906 አዳሚና አሾፍ የተባሉ ፓቶሎጂስቶች ግኝቱን በሰውነት ውስጥ ካሉት ማየሊን መሰል ቅባቶች ጋር አያያዙት።

የመስቀሉ ምክንያት የሞለኪውሎቹ አሰላለፍ ነው። ዘንግ መሳይ ሞለኪውሎች በጠብታው ገጽ ላይ ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ ሁሉም እንደ ጃርት እሾህ ከመሃል ወደ ውጭ ያመለክታሉ። በገጹ ላይ ከተኙ ግን እንደ ኬንትሮስ መስመሮች ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው ይዘረጋሉ። በመጀመሪያው አሰላለፍ፣ ከሁለቱ የፖላራይዘር አቅጣጫዎች ጋር የገጠሙት ሞለኪውሎች ባሉበት ብርሃን አያልፍም፤ ጥቁሩ መስቀልም የዚሁ ውጤት ነው።

አሰላለፉ በገጹ ላይ ባለ ጥቂት ነገር መለወጡ ለምርመራ በር ከፍቷል። በ2011 የኒኮላስ አቦት ቡድን፣ በሚሊ ሊትር ፒኮግራም ብቻ የሚመዘን የባክቴሪያ ኢንዶቶክሲን ጠብታዎቹን ከዋልታዊው ወደ ጃርት መሳዩ አሰላለፍ እንደሚቀይራቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳወቀ።

ሆኖም መስቀል ያለው ሁሉ ስብ አይደለም። ከጓንት ዱቄት የሚመጣ የስታርች ቅንጣትም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ቅርጹ ግን እንደ ስብ ጠብታ ፍጹም ክብ አይደለም፣ መስቀሉም ብዙ ጊዜ ከመሃል ፈቀቅ ይላል።