ፆታ የማይለየው ተውላጠ ስም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታሪክ

ቋንቋ የኅብረተሰብ መግባቢያ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብ መስተዋትም ነው ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳብ የሚመጡት ትልልቆቹ ቃላት ናቸው። ሕግ፣ ነጻነት፣ ርስት፣ ዜጋ የሚባሉት ቃላት ትርጉማቸው በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ብዙ ተጽፏል። ተውላጠ ስም ግን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ምሰሶ ሳይሆን እንደ ማገር የሚቈጠር ትንሽ ቃል በመሆኑ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በእንግሊዝና በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ይህ ትንሽ ቃል ከፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የሰው ልጅ እኩሌታ ድምፅ መስጠት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ መከራከሪያ የሆነበት ጊዜ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ መምህር በእንግሊዝኛ «እያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ይምጣ» የሚል ማስታወቂያ ለመጻፍ ቢነሣ፣ የመጽሐፉን ባለቤት የሚያመለክት ተውላጠ ስም መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ለወንድ የሚነገረውን የ«ሂ» ወገን ቢመርጥ ሴቶቹ ተማሪዎች ይቀሩበታል፤ ለሴት የሚነገረውን የ«ሺ» ወገን ቢመርጥ ወንዶቹ ይቀሩበታል። «ኢት» የግዑዝና የእንስሳ ስለ ሆነ ለሰው ቢነገር ነውር ነው። ለብዙዎች የሚነገረውን የ«ዜይ» ወገን ቢመርጥ ደግሞ፣ አንዱን ተማሪ በብዙ ቍጥር ጠራኸው ተብሎ በቀይ ቀለም ይታረምበታል። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚነገር፣ ፆታውንም የማይለይ ተውላጠ ስም ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎችን ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል።

ከሰዋስው መጻሕፍት በፊት

ጥንታዊው እንግሊዝኛ ስሞችን ሁሉ በሦስት ፆታ ይከፍል ነበር። ይህም የሰዋስው ፆታ ከተፈጥሮ ፆታ ጋር የማይገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴትን ያመለክት የነበረው «ዊፍ» የሚለው ቃል በሰዋስው ረገድ ግዑዝ ፆታ ሲሆን፣ ይኸው ቃል ከ«ማን» ጋር ተጣምሮ የተሠራው፣ ዛሬ ሴት ማለት ለሆነው የእንግሊዝኛ ቃል አባት የሆነው «ዊፍማን» ደግሞ ተባዕታይ ነበር። «ማን» የሚለውም ቃል ወንድን ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ሰውን ያመለክት ነበር። ቈይቶ ስሞቹ የሰዋስው ፆታቸውን ሲጥሉ፣ ፆታ በዋናነት በነጠላ ቍጥር ተውላጠ ስሞች ላይ ብቻ ቀረ።

«ዜይ» ራሱ በእንግሊዝ አገር እንግዳ ነበር። በ9ኛውና በ10ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲናቪያ ሰዎች ይዘውት የመጡት ቃል ሲሆን፣ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ወርዶ የአገሬውን ቃል ተካ። ለብዙዎች ብቻ ተወስኖ ግን አልቈየም። 1375 ገደማ ከሚባለው «ዊልያምና ተኵላ ሰው» ከተሰኘው ግጥማዊ ታሪክ ጀምሮ፣ «እያንዳንዱ»፣ «ማንም»፣ «የሚሻ ሰው» ከሚሉት ቃላት በኋላ በነጠላ አገባብ ይገኛል። ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ሼክስፒር በ16ኛውና በ17ኛው መገናኛ፣ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች፣ ከዚያም ጄን ኦስተን በልብ ወለድ ድርሰቶቿ በዚሁ አገባብ ተጠቅመዋል። እንግዲህ በኋላ ዘመን «የመሃይም ስሕተት» የተባለው አገባብ በቋንቋው ታላላቅ ደራስያን ብዕር የተመሰከረለት ነበር ማለት ነው።

የሊቃውንቱ ደንብ

ደንቡ የመጣው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ ገና ራሱን የቻለ የሰዋስው ትምህርት አልነበረውም፤ የተማረ ሰው ሰዋስው ያጠናው በላቲን ነው። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የእንግሊዝ ተማሪዎች ሲቀጠቀጡበት የኖሩት የዊልያም ሊሊ የላቲን ሰዋስው፣ ተባዕታይ ከአንስታይ፣ አንስታይም ከግዑዝ ፆታ ይከብራል ብሎ ያስተምር ነበር። ይህ በላቲን የቅጽሎችን ስምምነት ለመወሰን የተደነገገ ሥርዓት ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት ሲበረክቱ ግን የማዕረጉ ሐሳብ ከላቲን ተሻግሮ በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ላይ ተቀመጠ፤ የወንዱ ቃል የሴቷንም ይጠቀልላል፤ ስለዚህ ሰው በጠቅላላው ሲጠራ «ሂ» ይባል ተባለ።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ይህን ደንብ በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ካሰፈሩት ቀደምት የሰዋስው ጸሐፊዎች አንዷ በኒውካስል ከተማ ትምህርት ቤት የነበራት አን ፊሸር የተባለች ሴት ናት። በ1795 የታተመውና በብዙ እትም የተሠራጨው የሊንድሊ ሙሬ የሰዋስው መጽሐፍም በመጀመሪያ የተዘጋጀው በዮርክ ለነበረ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበር። የዘመኑ ሥርዓተ ማኅበር ወንድን በቤት፣ በርስትና በመንግሥት ላይ ራስ አድርጎ ያስቀመጠ በመሆኑ፣ በሰዋስውም ራስ ሲሆን ለሴቶቹም ቢሆን እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየም። ልማድ እንዲህ ነው፤ የሚጫነው ሰው ራሱ ይሸከመዋል፣ ተሸክሞም ለልጆቹ ያስተምረዋል።

ተውላጠ ስሙ ከፍርድ ቤት ሲቀርብ

ደንቡ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ሕግ የሆነው በ1850 ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ የሕግ ጽሑፎችን ቋንቋ ለማሳጠር ባወጣው ሕግ፣ በተባዕታይ ፆታ የተጻፈ ቃል፣ ተቃራኒው በግልጽ ካልተደነገገ በቀር፣ ሴቶችንም እንደሚጨምር ደነገገ። ሐሳቡ ቃላት ለመቈጠብ ነበር። ነገር ግን ቃሉ በእርግጥ ሴቶችን የሚጨምር ከሆነ፣ የድምፅ መስጠት መብትስ?

በ1867 የምርጫውን ሕግ የሚያሻሽለው ረቂቅ ለፓርላማ ሲቀርብ፣ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል «ማን» የሚለው ቃል ተሠርዞ «ሰው» በሚል እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ። 73 እንደራሴዎች ሲደግፉት 196 ተቃወሙት፤ ሐሳቡም ወደቀ። «ማን» ግን በሕጉ ውስጥ እንዳለ በመቅረቱ፣ የማንቸስተር ሴቶች በ1850ው ሕግ ተመርኵዘው፣ «ማን ከተባለ እኛም አለንበት» ሲሉ ከአምስት ሺሕ በላይ ሆነው በመራጭነት ለመመዝገብ አመለከቱ። ጉዳዩ በ1868 ከከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኞቹም ሴት በቀድሞው ሕግ ለመምረጥ ችሎታ የላትምና በዚህ ሕግ «ማን» ማለት ሴትን አይጨምርም ብለው ፈረዱ።

ለእነዚህ ሴቶች ከተከራከሩት ጠበቆች አንዱ ሪቻርድ ማርስደን ፓንክኸርስት ነበር። ልጁ ሲልቪያ ፓንክኸርስት የአባቷን ክርክር ወደ አደባባይ ትግል ለውጣ፣ ለእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት ስትታገል ታሰረች። በኋላም የፋሺስት ወረራን በመቃወም ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት ስትጽፍና ስትሟገት ኖራ፣ በ1956 አዲስ አበባ ገብታ በ1960 ዐረፈች፤ መቃብሯም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። በዚያ መቃብር አጠገብ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ፣ የአንዲት ቃል ትርጉም ካስነሣው ክርክር ጋር በአንድ ትውልድ ብቻ ተራርቆ ይቆማል ለማለት ይቻላል።

በአሜሪካም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። በ1871 የወጣ ሕግ የተባዕታይ ቃላት ለሴቶችም ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አስታወቀ። በኅዳር 1872 ሱዛን ቢ. አንተኒ በሮቸስተር ከተማ ድምፅ ሰጠችና ተከሰሰች። ከፍርዱ በፊት በየከተማው እየዞረች ያሰማችው ክርክር የተውላጠ ስሙን ጉድ አወጣው። የግብር ሕጉም፣ የወንጀል ሕጉም የሚናገሩት በ«ሂ» ነው፤ ግብር ሲጠየቅና ቅጣት ሲወሰን «ሂ» ሴትን ይጨምራል፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን አይጨምርም፤ ስለዚህ ወይ ሴቶች ከግብሩና ከቅጣቱ ነጻ ይውጡ፣ ወይ መብቱን ያግኙ የሚል ነበር። በሰኔ 1873 ዳኛው ጥፋተኛ አሰኝቶ 100 ዶላር እንድትከፍል ፈረደባት፤ አንተኒም ሳትከፍለው ሞተች። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ መብቱን ያገኙት በ1920፣ የእንግሊዝ ሴቶችም ከወንዶች እኩል ያገኙት በ1928 ነው። ቃሉ ራሱ «ጨማሪ» ወይም «አግላይ» አልነበረም፤ ለግዴታ ሲሆን የሚያካትት፣ ለመብት ሲሆን የሚያገል ያደረገው የተርጓሚው ሥልጣን ነበር።

አዲስ ቃል ፍለጋ

አንዳንዶች ነባሩ ቃል ካስቸገረ አዲስ ቃል ይፈጠር ብለው ተነሡ። ከእነዚህም ዝነኛው ቻርልስ ክሮዛት ኮንቨርስ የተባለው አሜሪካዊ ሕግ ዐዋቂና የመዝሙር ዜማ ደራሲ ነው። «ያ አንዱ» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምሮ «ዞን» የሚል ተውላጠ ስም ሠራና በ1884 ለሕዝብ አቀረበ። ቃሉ በ1934ቱ ታላቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት እስከ መግባት ደርሶ፣ የሚናገረው በመጥፋቱ በ1961 እትም ተሠረዘ። በ1912 የቺካጎ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊ የነበረችው ኤላ ፍላግ ያንግ የወንዱንና የሴቷን ተውላጠ ስም አንድ ላይ ያዳቀለ ቃል አቀረበች፤ እሱም አልጸደቀም። የዚህን ታሪክ የመረመረው የቋንቋ ሊቅ ዴኒስ ባሮን በየዘመኑ የተፈለሰፉ ከሁለት መቶ በላይ እንዲህ ያሉ ቃላት ሰብስቧል።

አብዛኞቹ ለምን ሞቱ? ስምና ግሥ በየቀኑ ይወለዳል፤ ባቡር ሲመጣ የባቡር ስም፣ ሬዲዮ ሲመጣ የሬዲዮ ስም አብሮ ይመጣል። ተውላጠ ስም ግን ሰው ሳያስብ የሚናገረው፣ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባው የቋንቋ አጥንት ነው። በዐዋጅ ወይም በአንድ ሊቅ ብልኀት አይተከልም። ሕዝቡ ግን በአፉ መፍትሔውን ይዞ ነበር፤ በየቤቱና በየገበያው ነጠላውን «ዜይ» ከመናገር አላቋረጠም።

ከ1970 በኋላ

የሴቶች እንቅስቃሴ በአሜሪካ ሲጠናከር ጥያቄው እንደገና ተነሣ። በ1971 በሃርቫርድ የሃይማኖት ትምህርት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የወንድ ቃል ለሁሉ መጠሪያ መሆኑ ይቅር ብለው ሲጠይቁ፣ 17 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት ሰዎች ነገሩ ተራ የሰዋስው ባሕርይ ነውና የሚያስቈጣ አይደለም የሚል የፌዝ ቃና ያለው ደብዳቤ ጻፉ። ጥናት ግን ለፌዙ መልስ ሰጠ። አን ቦዲን በ1975 ባወጣችው ጽሑፍ ደንቡ የተፈጥሮ ሳይሆን የሰዋስው ጸሐፊዎች ሥራ መሆኑን ከታሪክ አስረዳች። ዌንዲ ማርቲናና ሌሎች የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ደግሞ «ሂ» የሚለውን ያነበበ ሰው በአእምሮው የሚሥለው በአመዛኙ ወንድን መሆኑን በሙከራ አሳዩ።

ደራስያንም ከዚህ አልራቁም። አርሱላ ለ ግዊን በ1969 ባሳተመችው «የጨለማ ግራ እጅ» በተሰኘው ልብ ወለድ ቋሚ ፆታ የሌላቸውን ሕዝቦች ፈጥራ ሁሉንም «ሂ» ብላ ጠራቻቸው። ሲተቿት በ1976 ምርጫዋን ተከላከለች፤ በ1987 ግን ያንኑ ጽሑፍ ስታርም፣ ተውላጠ ስሙ የአንባቢውን ዐይን ወደ ወንድ ብቻ እንደ መራው አመነች። ይህ ለኪነ ጥበብ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው፤ ደራሲው ያሰበው ሌላ፣ ቃሉ የሣለው ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ማክግሮ ሂል የተባለው አሳታሚ በ1974 ለደራስያኑ መመሪያ አወጣ። «እሱ ወይም እሷ» ማለት፣ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ብዙ ቍጥር መለወጥ፣ ወይም ተውላጠ ስሙን አስወግዶ ስሙን መድገም የተለመዱ ዘዴዎች ሆኑ። የመጀመሪያው ሲደጋገም ይጎረብጣል፤ ሁለተኛው አንዱን ሰው ለይቶ ለማሳየት አይመችም። በእንግሊዝ በ2007 መንግሥት የሕግ ረቂቆች ፆታ በማይለይ ቋንቋ እንዲጻፉ ወሰነ። በ2017 አሶሺየትድ ፕሬስ፣ በ2019 የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በጽሑፍ መመሪያዎቻቸው ነጠላውን «ዜይ» ተቀበሉ። በዚያው በ2019 የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት፣ ራሳቸውን ወንድ ወይም ሴት ብለው ለማይጠሩ ሰዎች ቃሉ የሚያገለግልበትን አዲስ ፍች ጨመረ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የኖረው አገባብ ከስሕተት መዝገብ ወደ ደንብ መዝገብ ተመለሰ።

በአማርኛ መስተዋት

«አንዱን ሰው በብዙ ቍጥር መጥራት ከአእምሮ ይጋጫል» የሚለው ተቃውሞ ዛሬም ይሰማል። የእንግሊዝኛው «ዩ» ግን ራሱ ቀድሞ የብዙዎች ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሰው «ዛው» ይባል ነበር። «ዩ» በአክብሮት ለአንዱ ትልቅ ሰው መነገር ጀምሮ ኋላ ለሁሉም ሆነ። የኩዌከሮች መሪ ጆርጅ ፎክስ በ1660 ይህን ተቃውሞ መጽሐፍ ቢያወጣም ቋንቋው አልሰማውም። ዛሬ «ዩ» ለአንድ ሰው መነገሩ ስሕተት ነው የሚል ሊቅ የለም።

የአማርኛ ተናጋሪም ነገሩን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። «መጡ» ሲል ብዙዎችን ወይም አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት ባልቴት ሊሆን ይችላል። «ቤታቸው» የብዙዎች ቤት ነው፤ የአንድ የተከበረ ሰውም ቤት ነው። «እሳቸው» ፆታ አይለይም፤ አንድ ሰው ነው፤ ግሡ ግን የብዙ ነው። ይህ ከእኩልነት ሐሳብ ሳይሆን ከአክብሮት የመነጨ ነውና ምክንያቱ ከእንግሊዝኛው ይለያል፤ አንድን ሰው በብዙ ቍጥር ጠርቶ መግባባት እንደሚቻል ግን ያረጋግጣል። በአንጻሩ «እያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ይምጣ» ሲባል የአማርኛውም ቃል ተባዕታይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7 በወንድ ፆታ የተደነገገው ለሴትም እንደሚያገለግል መግለጽ ያስፈለገው ስለዚሁ ነው።

የማንቸስተር ሴቶች ታሪክ የሚያስገነዝበውም ይህንኑ ነው። «ቃሉ ይጨምራችኋል» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዋስትናው ቃሉ መብት በሚሰጥበትም ሆነ ግዴታ በሚጥልበት ቦታ በአንድ ሚዛን መተርጐሙ ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ፣ ሕግ አርቃቂው በአንቀጽ ውስጥ፣ ደራሲው በገጸ ባሕርይ አፍ «እሱ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከዚያ ቃል በስተጀርባ ማን እንደ ቆመ፣ ማንስ ከደጅ እንደ ቀረ መጠየቅ ይገባዋል።