«ቅንብር» የተባለው ቃልና የጋምቤላ አንባቢ

ግሪዝመንኪ የተባለው የፋየርፎክስ ተቀጥላ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ፣ ተጠቃሚው በሚያነበው ድረ ገጽ ላይ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ለማሠራት ችሏል፤ ይህም የተጠቃሚ ስክሪፕት ይባላል። በመጀመሪያ አሠራሩን ለመለወጥ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ ኮዱን ራሱን ከፍቶ ያርም ነበር። ኮድ ለማያነብ ሰው ሲታሰብ ግን አማራጮቹ ተሰብስበው የሚታዩበት ገጽ ተበጀ።

ለዚህ ገጽ ስም «ምርጫ»፣ «ማስተካከያ»ና «ቅንብር» ተፎካክረዋል። «ምርጫ» የድምፅ መስጫውን ሣጥን ያስታውሳል፤ «ማስተካከያ» ደግሞ መሣሪያውን እንጂ የተስተካከለውን ሁኔታ አይገልጽም። «ቅንብር» ቀድሞ በካሴት ሽፋን ላይ የሚነበብ የሙዚቀኞች ቃል ነበረ፤ ዛሬ «ቅንብሮች» ተብሎ በስልክና በኮምፒዩተር ላይ በሰፊው ይታያል። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ የተሻለው ይኸው ነው።

ሆኖም ቃሉ ተነባቢዎቹን ከ«ቀንበር» ጋር ይጋራል፤ በሬ ጠምዶ ለሚያርሰው ደገኛ ምስሉ ቅርብ ነው። በባሮ ዳር ማሽላና በቆሎ በእጅ መሣሪያ ሲያለማ ለኖረው አኙዋ፣ ከብት አርቢ ሆኖ ሳለ በሬ ለማይጠምደው ኑዌርም ቀንበር እንግዳ ነው። ስለዚህ ከአማርኛ ወደነዚህ ቋንቋዎች የሚመልስ ተርጓሚ ጽንሰ ሐሳቡን እንጂ ምስሉን መከተል የለበትም።

ከስሙ ይልቅ የሚከብደው በገጹ ውስጥ ያለው የቋንቋ ዝርዝር ነው። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ ኑዌርኛ፣ አኙዋኛና መዠንግርኛ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። የኑዌርኛው አጻጻፍ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ ሱዳን በተደረገው የረጃፍ ጉባኤ ይገኛል። በዩኒኮድ ማኅበር የአካባቢ መረጃ ኑዌርኛ የተመዘገበው ከደቡብ ሱዳን ጋር ተያይዞ ነው። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ውል ወንዞቹን ተከትሎ የተሠመረው ወሰን ሕዝቡን ለሁለት እንደከፈለው ይታወቃል፤ በመረጃው ግን አንዱ ወገን ብቻ ይታያል። የጋምቤላው ኑዌር ቋንቋውን ሲመርጥ የጎረቤት አገር ገንዘብ አብሮ ሊመጣበት ይችላል።

መፍትሔው በስክሪፕቱ ጸሐፊ እጅ ነው። ስክሪፕቱ ምርጫን የሚያስቀምጠው በቁልፍና በዋጋ ነው፤ ቁልፉ አይተረጐምም፣ ለዓይን የሚታየው መለያ ብቻ ይተረጐማል። ቁልፉ ቢለወጥ ቀድሞ የተቀመጠው ምርጫ ይጠፋል፤ መለያው ቢለወጥ ግን ምንም አይጐድልም። እንግዲህ ቋንቋና አገር በሁለት የተለያዩ ቁልፎች ይቀመጡ፤ የቋንቋውም መለያ ባለቤቶቹ እንደሚጠሩት «ቶክ ናት» ይባል።