ጓያ የሰበረው እግር፤ አንድን ደዌ ከሌላው የመለየት ታሪክ ከምዕራብ ሸዋ አንጻር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም አልፎ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ግንጪ ሲደርስ ጥቁር የዋልካ ሜዳ ያገኛል። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ዝናሙ ሲያባራ ደግሞ ውስጡ የቀረው እርጥበት ለጓያ ይበቃል። ጓያ ብዙ ማረስ አይሻም፤ ውኃ ቢያቁርበትም ምድር ቢደርቅበትም ይችላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንወደው ይህ ታጋሽ እህል ስለሚያመጣው የእግር ደዌ ሲሆን፣ ይልቁንም ሰዎች ደዌውን በምን ምልክትና በምን ምርመራ ከሌላው ሲለዩት እንደ ኖሩ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የደዌው አመጣጥ እንዲህ ነው። ጤነኛ የነበረ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ወጣት ወንድ፣ ከባድ ሥራ ውሎ ካደረ በኋላ በማለዳ ሲነሣ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ባቱ ይገተራል፤ ጕልበቱ ይንቀጠቀጣል። ሲራመድ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ በእግሩ ጣቶች ላይ ይቆማል፤ ጭኖቹም እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ሐኪሞች በሽተኞቹን በአራት ደረጃ ይመድቧቸዋል፤ ይኸውም ያለ በትር የሚሄድ፣ በአንድ በትር የሚሄድ፣ በሁለት በትር የሚሄድ፣ መሄድም ተስኖት የሚድህ ተብሎ ነው። በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አመዳደብ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በገበያ ዳር የቆመ ሰው እንኳ ሊያደርገው ይችላል።

ይሁን እንጂ በትሩን መቍጠር የደዌውን ክብደት ይነግራል እንጂ ምንጩን አይነግርም። ምንጩን ለማወቅ ሐኪሙ ሁለት ቀላል ፈተናዎችን ያደርጋል። የመጀመሪያው የጕልበትን ጅማት በትንሽ መዶሻ መምታት ነው፤ ይህን ኤርብና ቬስትፋል የተባሉ ሁለት የጀርመን ሐኪሞች በ1875 እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጽፈውታል። ሁለተኛው የውስጥ እግርን በስለት አልባ ነገር ከተረከዝ ወደ ጣት መጫር ሲሆን፣ ይህን በ1896 በፓሪስ ያስታወቀው ዮሴፍ ባቢንስኪ ነው። የጤነኛ ጐልማሳ አውራ ጣት ወደ ታች ይታጠፋል፤ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደው የትእዛዝ መንገድ ሲጐዳ ግን ወደ ላይ ይነሣል። ጓያ የሰበረው ሰው ጕልበቱ ሲመታ እግሩ ከልክ በላይ ይወረወራል፤ አውራ ጣቱም ወደ ላይ ይነሣል። ከዚህ ሁሉ ጋር መርፌ ቢነካው ይሰማዋል፣ ሙቅና ቀዝቃዛውን ይለያል፣ አእምሮውና አንደበቱ እንደ ወትሮው ነው። ለምርመራው ትልቁ ቍልፍ ይህ ነው፤ እንቅስቃሴ ተጐድቶ ስሜት መትረፉ።

የአገራችን ገበሬ ይህን መዶሻ ሳያይ የደዌውን መንሥኤ ያውቅ ነበር። «ጓያ ሰበረው» ሲል እህሉን በስሙ ጠርቶ ይከሰዋል። ነገር ግን ብዙዎች ጕዳቱ የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም በማሳው ውስጥ አገዳውን ከመንካት ነው ብለው ያምናሉ። ይህን እምነት እንደ ተረት ንቀን ማለፍ አይገባንም፤ ከብዙ እህል መካከል ጥፋተኛውን ለይቶ ማግኘት ቀላል ትዝብት አይደለምና። ጕዳቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ከእንፋሎቱ ፊቷን የመለሰች እናት ንፍሮውን ያለ ሥጋት ለልጆቿ ታቀርባለች።

በሌላው ዓለምም ነገሩ በዚሁ መንገድ ሄዷል። እንግሊዛዊው ስሊማን በ1844 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ፣ በመካከለኛው ሕንድ ስንዴ ሲጠፋ ሕዝቡ ይህንኑ እህል በልቶ ወጣቶች እግራቸው እንደ ተያዘ ጽፏል። ኢጣሊያዊው ሐኪም ካንታኒ በ1873 ለደዌው ላቲሪዝም የሚል ስም ሰጠው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የቫፕኒያርካ ታሪክ ነው። በ1942 በዚህ ካምፕ የታሰሩት አይሁድ በየቀኑ የሚሰጣቸው ምግብ ለከብት የተመደበ ጓያ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ እስረኞች እግራቸው ተያዘ። ከእነርሱ ጋር የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ላቦራቶሪ ሳይኖረው፣ የበሽተኞቹን እግርና የምግብ ሳህናቸውን ብቻ ተመልክቶ ምክንያቱን ደረሰበት። በእህሉ ውስጥ ያለውን መርዝ የሕንድ ተመራማሪዎች ለይተው ያወጡት ኋላ በ1964 ነው፤ ኦዳፕ ይባላል። መርዙ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን ግሉታሜት የተባለ ነገር ስለሚመስል፣ የእንቅስቃሴን ነርቭ ከመጠን በላይ እያነሣሣ ያቃጥለዋል ተብሎ ይታመናል።

በኢትዮጵያ ደዌው በወረርሽኝ መልክ የታየው ይበልጡን በሰሜን ነው። በ1976 እና 1977 በደምቢያ የተነሣው በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ተገልጿል። ከዚያም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ባደረጉት ጥናት፣ በ1990 እንደ ታተመው፣ ከ1,000 ሰው በአማካይ 6ቱ በዚህ ደዌ ተይዘው ተገኙ። እኚሁ ሊቅ ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ ሲመጡ በቡታጅራ ቤት ለቤት 60,820 ሰው በሚኖርበት አካባቢ የነርቭ ደዌዎችን አስቈጥረዋል። ለዚህ የሠለጠኑት መጠይቅ የያዙ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። የነርቭ ሐኪም በማይደርስበት ስፍራ መልካም ጥያቄ ከብዙ መሣሪያ እንደሚበልጥ ከዚህ ጥናት ተምረናል።

አሁን ወደ ምዕራብ ሸዋ እንመለስ። በግንጪና በአምቦ ዙሪያ፣ እንዲሁም በዛሬው ደቡብ ምዕራብ ሸዋ በበቾ ሜዳ፣ ጓያ ቢዘራም የገበሬው ማዕድ ጤፍ፣ ስንዴና ሌላ ጥራጥሬ አለበት። ጓያ የሚሰብረው ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል ዋነኛ ምግብ ሲሆን እንጂ አልፎ አልፎ በሽሮ መልክ ሲቀመስ አይደለም። ከዚህ የተነሣ በዚህ አገር ደዌው እንደ ደምቢያ መንደር በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይዞ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ብቻውን በትር ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሊታይ ይችላል። አደጋውም በዚህ ላይ ነው። ጓያ በሚበላ አገር እግሩ የተያዘን ሁሉ «ጓያ ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ነውና።

እግርን የሚይዙ ደዌዎች ግን ብዙ ናቸው። ፖልዮ ያገኘው እግር ይልማል፣ ይቀጥናል፣ ጕልበቱ ሲመታም አይወረወርም፤ ይህ ወዲያው ይለያል። የሥጋ ደዌ በመጀመሪያ የሚያጠፋው ስሜትን ነው። የሚያስቸግረው የአከርካሪ ነቀርሳ ነው፤ እርሱም እግርን ይገትራል፣ አውራ ጣትንም ያስነሣል። ስለዚህ ሐኪሙ ጀርባን በእጁ ሊዳስስ፣ ጕብጠትና ሕመም ሊፈልግ፣ ስሜት ከወገብ ወይም ከደረት በታች መጥፋቱን በመርፌ ሊመረምር፣ ሽንት መቈጣጠሩን ሊጠይቅ ይገባዋል። ጥርጣሬ ካደረበት የአከርካሪ ራጅ ያስነሣል። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስና ኤችቲኤልቪ የተባለው ቫይረስ እንዲሁ በደም ምርመራ ይፈለጋሉ።

እኛ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የጓያ ደዌ በራሱ የሚታወቅበት የደም ወይም የራጅ ምርመራ እንደሌለውና ሌላው ሁሉ ሲወገድ የሚደረስበት መሆኑን ነው። ልዩነቱም የቃል ብቻ አይደለም። የአከርካሪ ነቀርሳ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፣ ሰውየውም ተመልሶ ሊራመድ ይችላል። ጓያ የሰበረው ነርቭ ግን አይመለስም። ነቀርሳ ያለበትን «ጓያ ነው» ብሎ ማሰናበት ሊድን የሚችለውን ሰው ለበትር መስጠት ነው። በአንጻሩ የእውነተኛው ጓያ በሽተኛ መታወቅ ለእርሱ ባይጠቅመውም፣ ከእርሱ ጋር ከአንድ ገበታ ለሚበሉት ይጠቅማል።

ስለዚህ ምርመራው ከሐኪሙ አልጋ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። በወሎ በ1997 ከታየው ወረርሽኝ በኋላ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው እንዳስረዱት፣ ጓያውን ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉና በሽንኩርትና በቅመም ወጥ አድርገው የሠሩት አደጋቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከፍ ያለው ብቻውን በንፍሮ፣ ተቈልቶና በእሸት የበሉት ነው። እንግዲህ በአምቦም ሆነ በጉደር ጤና ጣቢያ የተቀመጠ መርማሪ በሽተኛውን ሊጠይቀው የሚገባው ይህ ነው፤ ባለፉት ሦስት ወራት በቤት ውስጥ የቀረው እህል ምን ነበር፣ ጓያው ከምን ጋር ተበላ፣ ከቤተ ሰቡስ በማለዳ ሲነሣ ባቱ የሚገተርበት ሌላ ሰው አለ ወይ?