ከግዝት እስከ ማጉያ መነጽር

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ቃልን ከሚያሻግረው መሣሪያ ሲሆን፣ ዛሬ ግን በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ቤት ከባለቤት ወደ ባለቤት የሚሻገረው በነፋስ ሳይሆን በፊርማ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አበው የርስትን ነገር በወንጌሉ ኅዳግ አስጽፈው፣ ምስክሮችን በስም ጠርተው፣ ቃሉን የሚለውጠውን በግዝት ያስሩት ነበር፤ ነገሥታቱም ደብዳቤያቸውን በማኅተም ያጸኑ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ተዋዋዩ በእጁ እንዲፈርም፣ ወይም የጣቱን አሻራ እንዲያኖር ደነገገ።

ግዝቱ በሳሳበት ዘመን መርማሪው የተካደውን ፊርማ፣ ባለቤቱ ቀድሞ ከፈረማቸው ጋር በማጉያ መነጽር ያስተያያል፤ እውነተኛው እጅ ሳያስብ ፈጥኖ ሲያልፍ፣ አስመሳዩ መልኩን እያየ ስለሚስል መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩም ባልተገባ ስፍራ ይነሣል። ሁለት ፊርማዎች ነጥብ ሳይጎድል ቢገጣጠሙ ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል እንጂ አይቀልም፤ ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ አድርጎ አይፈርምምና። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቀድሞ የፈረምኸውን ወረቀት አትጣል፤ ስምህ በሌላ እጅ የተፈረመ ዕለት የሚመሰክርልህ እርሱ ነው።