ከአሞሌ ጨው እስከ ሽልማት ካርድ፦ የመንገደኛ ገንዘብ ታሪክና የምርጫው ሚዛን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው፣ እንጅባራ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ የዘንገናን ሐይቅ ያገኛል። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው ይህ ክብ ሐይቅ ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለው ይነገራል። የአዊን ምድር ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ሳያየው አያልፍም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም በባሕር ማዶ የሚኖሩ የአካባቢውን ተወላጆች ወደ እንጅባራ ይጠራል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የአውሮፕላን ትኬታቸውን የሚገዙት በባንክ ካርድ ነው። ካርዱም በተከፈለበት ቁጥር ነጥብ የሚያስቆጥር፣ ነጥቡም ሲጠራቀም ወደ በረራ የሚለወጥ፣ በተለምዶ የሽልማት ካርድ የሚባለው ዓይነት ይሆናል።

ለጉዞ የሚሆነውን ካርድ መምረጥ የዘመናችን ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም መንገደኛው ሊመልሳቸው የሚገቡት ጥያቄዎች ጥንታውያን ናቸው። ገንዘቡ የት ድረስ ይታወቃል? በመንገድ ላይ ምን ያህሉ ይጎድላል? ለመንገደኛው የሚደረገውን ቸርነትስ በመጨረሻ የሚከፍለው ማን ነው? በባንክና በሒሳብ ሙያ ለተሠማራ ሰው እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከማናቸውም የማስታወቂያ ቃል ይበልጣሉ፤ መልሳቸውም ታሪክን ወደ ኋላ ተመልክቶ የሚገኝ ነው።

አሞሌና ጠገራ ብር

በቀድሞው ዘመን በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ከዋና ዋናዎቹ መገበያያዎች አንዱ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ በትግራይ ብዙ አሞሌ የሚጠየቅበት ዕቃ በጎጃም ወይም ከዓባይ ማዶ በጥቂት አሞሌ ይገዛ ነበር። ነገር ግን ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘውም ይሟሟል። ስለዚህ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ባሶ ገበያ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ የሚያስበው በጉዞው መነሻ ስለያዘው የአሞሌ ብዛት ሳይሆን፣ መድረሻው ላይ ሳይጎድል ስለሚቀርለት ነበር።

ከአሞሌ ጎን የቆመው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። በኋላ የታተሙትም ሳይቀሩ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው እነዚህ ብሮች እያንዳንዳቸው 28 ግራም ያህል ይመዝናሉ። በዚህም ስሌት 1,000 ጠገራ ብር የያዘ ነጋዴ ገንዘቡ ብቻ 28 ኪሎ ይመዝንበት ነበር። ከዚህም በላይ የበቅሎና የጠባቂ ወጪ፣ የሽፍታ ሥጋት፣ በየኬላው የሚጠየቅ ቀረጥ ነበረበት። ሻጩም ብሩን እያገላበጠ፣ የንግሥቲቱን መልክና የዕንቁዎቿን ነጥብ እየመረመረ፣ ያረጀውን አይቀበልም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የራሳቸውን ብር ካሳተሙ በኋላም የጠገራው ተቀባይነት ለረጅም ጊዜ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ የተቀመጠውና ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው ሻለቃ ችስማን በነበረበት ዘመን እንኳ ጠገራው ከገበያ አልወጣም ነበር።

የእንግዳው ድርጎ

ገንዘብ ሳይዝ የሚጓዝም ነበር። የንጉሥ ወይም የመስፍን እንግዳ የሆነ ሰው፣ መልእክተኛም ሆነ የውጭ አገር ተጓዥ፣ በደረሰበት መንደር እንጀራና ጠላ፣ በግና ማር፣ ለበቅሎውም ገብስ ይቀርብለት ነበር። ይህ መስተንግዶ ድርጎ ይባላል። ለእንግዳው ድርጎ ነጻ ነበር፤ የጌታውን ቸርነትና ክብርም ይመሰክር ነበር። ይሁን እንጂ በጉና ማሩ የሚወጣው ከጌታው ግምጃ ቤት ሳይሆን ከመንደሩ ገበሬ ቤት ነበር። ምስጋናው ወደ ላይ ሲወጣ ወጪው ወደ ታች ይወርዳል። በላተኛውና ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ አይተዋወቁም ነበር። የሽልማት ካርድን አሠራር ለመረዳት ከዚህ ከድርጎ ሥርዓት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከወረቀት ወደ ካርድ

የአቢሲንያ ባንክ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር፣ ለመንገደኛ የሚሆን የወረቀት ሰነድ ወደ አገራችን ገባ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታትሞ ወጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። ገንዘቡም ጉዞውም ዘመናዊ መልክ ያዘ።

በውጭው ዓለም ደግሞ ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1874 ለመንገደኞች በየአገሩ የሚመነዘር ሰነድ አወጣ፤ አሜሪካን ኤክስፕረስ እ.ኤ.አ. በ1891 የመንገደኞችን ቼክ አስከተለ። መንገደኛው የቼኩን ዋጋ አስቀድሞ ስለሚከፍል፣ ቼኩ እስኪመነዘር ድረስ ገንዘቡ በኩባንያው እጅ ሆኖ ትርፍ ያስገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው ዳይነርስ ክለብ ደግሞ ሌላ መንገድ ቀየሰ፤ ደንበኛው በካርድ በልቶ በወሩ መጨረሻ ሲከፍል፣ ምግብ ቤቱ ከሒሳቡ 7 በመቶ ለክለቡ ይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በፍሬዝኖ ከተማ የብድር ካርዱን አሠራጨ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የተጓዡን የበረራ ማይል እየቆጠረ የሚሸልምበትን ዘዴ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲቲባንክ ከዚሁ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ፣ የቤት አስቤዛ የገዛም ሰው ሳይበር ማይል እንዲያገኝ አደረገ። ካርዱና በረራው የተቆራኙት በዚህ መልክ ነው።

የነጥቡ ከፋይ

ባንኩ ነጥቡን ከኪሱ አውጥቶ አይሰጥም። ከነጋዴው ከሚቀነሰው ኮሚሽን ከፍተኛው ክፍል ካርዱን ላወጣው ባንክ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ላይ ለደንበኛው ጥቂቱ በነጥብ መልክ ይመለስለታል። ነጋዴው ደግሞ ኮሚሽኑን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ዋጋው ለሁሉም አንድ ስለሆነ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሰውም የማያገኘውን ነጥብ ወጪ ይጋራል። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ የሚጠቀም አማካይ ቤተሰብ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያስተላልፍ፣ ካርድ ተጠቃሚው ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ ገምተዋል።

ሁለተኛው ከፋይ ዕዳውን በወሩ ሳይዘጋ የሚያሳድር ባለካርድ ነው፤ ወለዱ የባንኩ ዋና ገቢ ነው። የሽልማቱ ምንጭ ምን እንደሆነ በግልጽ የታየው ግን መንግሥታት ኮሚሽኑን በገደቡ ጊዜ ነበር። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባንኮች እርስ በርስ የሚከፋፈሉትን ክፍያ በግማሽ ገደማ ስትቀንስ፣ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2015 የብድር ካርዱን ክፍያ በ0.3 በመቶ ሲወስን፣ የካርዶቹ ሽልማት ወዲያው መሳሳት ጀመረ። ገበሬው ማሩን ባያወጣ ኖሮ የእንግዳው ድርጎ እንደሚቀር ሁሉ ማለት ነው።

የምርጫው ሚዛን

ይህን የተረዳ መንገደኛ ካርዱን የሚመርጠው ነጥቡን በመቁጠር ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ራሱን ይመረምራል። ለምሳሌ በዓመት 12,000 ዶላር በካርድ የሚከፍል ሰው ለእያንዳንዱ ዶላር የ1 ሳንቲም ዋጋ ያለው ነጥብ ቢያገኝ፣ ሽልማቱ 120 ዶላር ነው። የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ 95 ዶላር ከሆነ የሚተርፈው 25 ዶላር ብቻ ነው። ይኸው ሰው የ1,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት ቢያሳድር 240 ዶላር ያህል ይከፍላል፤ ሽልማቱም ዕዳውን የሚሸፍን ልብስ ከመሆን አያልፍም። ዕዳውን በየወሩ መዝጋት ለማይችል ሰው የሚሻለው ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ ካርድ እንጂ ነጥብ የበዛለት አይደለም።

ቀጥሎ የሚታየው በመንገድ ላይ የሚጎድለው ነው። ብዙ ካርዶች በውጭ አገር ገንዘብ ሲከፈልባቸው እስከ 3 በመቶ ተጨማሪ ይጠይቃሉ፤ በአዲስ አበባ ሆቴል 2,000 ዶላር የከፈለ ሰው 60 ዶላር ያጣል። ይህን የማይጠይቅ ካርድ መምረጥ ከብዙ ነጥብ ይበልጣል። የክፍያ መሣሪያው "በዶላር ወይስ በብር?" ብሎ ሲጠይቅም በብር መክፈል ይመረጣል፤ የዶላሩ ምንዛሪ ለደንበኛው እምብዛም አይመችምና። በብድር ካርድ ከኤቲኤም ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ ስለሚያስቆጥር፣ ለዚህ አገልግሎት የተቀማጭ ሒሳብ ካርድ መያዝ ይበጃል።

ነጥቡ የት ድረስ እንደሚታወቅም መታየት አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ በራሱ በሼባ ማይልስ ብቻ ሳይሆን በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ የተጠራቀመ ማይልም ወደ አዲስ አበባ ያበርራል። ስለዚህ ነጥቡ ወደ እነዚህ ድርጅቶች የሚዛወር ካርድ ለአገራችን መንገደኛ ይስማማል። ነገር ግን ነጥብ በባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ አይደለም። አየር መንገዱ ለአንድ በረራ የሚጠይቀውን ማይል በማናቸውም ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ዝናብ እንዳገኘው አሞሌ፣ ብዙ ዓመት የተከማቸ ነጥብ ሳይነካ ይሟሟል፤ ጠቃሚው አጠራቅሞ ማኖር ሳይሆን በጊዜው መጠቀም ነው።

ካርዱ በማይደርስበት

የሽልማት ካርዱ መንገደኛውን አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ያደርሰዋል። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዘንገና ሲደርስ ግን፣ ለአስጎብኚው፣ ለፈረስ አከራዩና ለማር ሻጩ የሚከፍለው በጥሬ ገንዘብ ወይም በስልክ ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የኤቲኤም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትስዊች አማካይነት በባንኮች መካከል ተያይዟል፤ ቴሌብርም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የስልክ ክፍያን አስፋፍቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በይፋውና በጥቁር ገበያው ምንዛሪ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት መንገደኛውን ከካርድ ያርቀው ነበር፤ በካርድ ሲከፍል በባንክ በኩል ይገባ የነበረውም የውጭ ምንዛሪ በዚያው ልክ ለአገሪቱ ይቀር ነበር።

የኢትዮጵያ ባንኮች የሚሰጡት ካርድ በአብዛኛው የተቀማጭ ሒሳብ ካርድ ነው። የብድርና የሽልማት ካርድ ሲስፋፋ ግን በሌላው ዓለም የታየው ጥያቄ እዚህም መነሣቱ አይቀርም። የሙያው ባለቤቶች ደንብ ሲያረቅቁ፣ ኮሚሽን ሲተምኑና ሒሳብ ሲመረምሩ፣ የባለካርዱ ነጻ በረራ በዳንግላ ገበያ በሳሙናና በዘይት ዋጋ ላይ ተጨምሮ ካርድ በሌለው ገዢ እንዳይከፈል መጠንቀቅ ይጠበቅባቸዋል። የድርጎ ሥርዓት አልፏል፤ ወጪውን ግን አንድ ሰው ሲከፍለው ነበር። በአዲሱም ሥርዓት ያ ከፋይ ማን እንደሆነ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ሊታይ ይገባል።