«እንዳንረሳ» ስለሚል ቃል

አውስትራልያውያን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ዓ. ም. በተጀመረው የጋሊፖሊ ጦርነት የወደቁትን ከ8,000 የሚበልጡ ወታደሮቻቸውን በየዓመቱ አፕሪል 25 ቀን ያስባሉ። የቀኑም ቃል «እንዳንረሳ» የሚል ነው።

በ2017 ዓ. ም. ያስሚን አብደል ማጊድ የምትባል በሱዳን የተወለደች አውስትራልያዊት ይህንኑ ቃል ጽፋ፥ ማኑስ፣ ናውሩ፣ ሶርያ፣ ፍልስጥኤም ስትል ጨመረችበት። ማኑስና ናውሩ መንግሥቷ በጀልባ የመጡትን ስደተኞች ያጋዘባቸው ደሴቶች ናቸው። ወዲያው ጽሑፉን አንሥታ ይቅርታ ብትጠይቅም ቊጣው አልበረደም፤ ከሥራዋ ትሰናበት የሚሉ የምክር ቤት አባሎች ሳይቀሩ ተነሡባት፤ በዚያውም ዓመት ወደ ለንደን ሄደች።

የሐዘንተኛ ቊጣ አይፈረድበትም፤ በለቅሶ ቤት የሌላ ሟች ስም የሚያነሣ ሰው በእኛም አገር አይወደድም። ዳሩ ግን «ለነጻነት ሞቱልን» የሚል ሰው አራት ስም የጻፈችን ሴት እንጀራዋን ለማሳጣት ሲሮጥ ባይ፥ እኔ ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሽማግሌ፥ ስለ የትኛው ነጻነት እንደሚናገር ልጠይቀው እወዳለሁ።