ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሰው ልጅ ክብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከብዙ ጽሑፍ፣ ድምፅና ምስል በተማረው መሠረት መልስ የሚያዘጋጅ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። በሀገራችን በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባን ጎብኝታለች፤ ከፊል ሥራዋም የተሠራው በዚያው ከተማ በሚገኘው አይኮግ ላብስ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ለዚሁ ዘርፍ መንግሥታዊ ተቋም ተመሥርቷል። ዛሬ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያሉ ወጣቶቻችን በእጅ ስልካቸው ይጠይቁታል። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ሩቅ ሀገር ነገር ልናየው አይገባም።

ማሽን ነፍስ አለውን?

መምህራን የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት እንደ ሆነች ያስተምራሉ፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ሆና ትኖራለች። ማሽን ግን ያሰላል እንጂ አያስተውልም፤ ቃላትን ያገጣጥማል እንጂ ከልብ አይናገርም፤ ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል እንጂ አይሞትም፤ ሕይወት አልነበረውምና። ሶፊያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት ተሰጥቷታል። ዜግነትን መንግሥት ይሰጣል፤ አርአያ እግዚአብሔርን ግን (ዘፍ. 1፥26) ከፈጣሪ በቀር የሚሰጥ የለም።

መፈወስና ከሰው በላይ ለመሆን መሻት

ሁለተኛው ጥያቄ የሰውን አካልና አእምሮ ስለሚለውጡ መሣሪያዎች ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙዎች ጥርስ ይበልዛል፤ የአንዳንዶችም አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ውኃውን ማጣራት፣ ጥርስን ማከም፣ እግሩን ላጣ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም የተጎዳውን ወደ ጤናው መመለስ ነው። ኒውራሊንክ የተባለው ድርጅት በ2016 ዓ.ም. አካሉ ሽባ በሆነ ሰው አንጎል ውስጥ ያስገባው መሣሪያም ለዚህ ዓላማ እስካገለገለ ድረስ ከሕክምና ይቆጠራል።

ነገር ግን “ሞትን በጥበቤ አሸንፋለሁ፤ ሰውነትን አልፌ ሌላ ፍጥረት እሆናለሁ” ማለት አዳምን ያሳተው ምኞት ነው፤ ያለ እግዚአብሔር አምላክ ለመሆን መሻት። ደግሞም ባለጸጋው አእምሮውን ለማብዛት ገንዘቡን ሲያፈስ ጎረቤቱ ንጹሕ ውኃ ካጣ፣ ፍቅረ ቢጽ ወዴት አለ?

ምእመናን ምን እናድርግ?

ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለሥራ ልንጠቀምበት እንችላለን። ሆኖም አበው ያልተናገሩትን እንደ ተናገሩ አድርጎ ሊያቀርብ ስለሚችል፣ የሃይማኖት ጥያቄ ሲኖረን መምህራንን እንጠይቅ። ይልቁንም ኃጢአትን ለማሽን መንገር ንስሐ አይደለም። ማሽን ሥልጣነ ክህነት የለውምና አይፈታም፤ ቀኖና አይሰጥም፤ ስለ እኛም አያለቅስም። የጻፍንለት ምሥጢርም በማናውቃቸው ሰዎች እጅ ሊገባ ይችላል። የንስሐ አባታችን ግን ስማችንን በጸሎቱ ያስባል፤ ወደ ሥጋ ወደሙም ያቀርበናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።